የመምህሩ ድምፅ የት አደረ?

መሪጌታ እጅጉ ያን ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ሲወጡ ታብሌታቸውን ለመሸጥ ቆርጠው ነበር። ማንንም አላማከሩም፤ ተናደው ነው። ከጅጋ ወዲያ ካለው ደብራቸው በጭቃ ወርደው፣ ሚኒባስ ተጋፍተው መጥተው፣ አስተናጋጇ «ዋይፋይ የለም አባቴ፣ መስመሩ ተቋርጧል» ብላ ስታሰናብታቸው እንዴት አይናደዱ?

በሩ ላይ ከትሕትና ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ትሕትና የጎረቤታቸው የአቶ ደረሰ ልጅ ናት። ቡሬ ኮሌጅ ኮምፒዩተር ታስተምራለች፤ ያን ዕለት ቤተሰቧን ለመጠየቅ መንገድ ላይ ነበረች።

«እንዴት ዋሉ የኔታ? ምነው፣ ምን ነካዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ዕቃ የሚገዛ ሰው ታውቂያለሽ?»

«ቴዎፍሎስ የላከልዎትን? ለምን ይሸጡታል?»

«ይዋሻላ! ኸዚህ ቤት ስሆን የመምህሬን ድምፅ ያሰማኛል፤ ቤቴ ስገባ የለም ይለኛል። ባለቤቱ ሻይ ቤቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መሪጌታ እጅጉና የአጎራባቹ ደብር መምህር መሪጌታ ገብረ ሕይወት ዜማ የተማሩት ከአንድ ሰው፣ ከመምህር ሃይለ ሚካኤል ነው። ከጽጌ ማኅሌት ዜማዎች አንዱን፣ አንድ ዚቅ፣ ሲዘጉት ግን አይስማሙም። እጅጉ መጨረሻው ላይ ድምፁን ያነሣሉ፤ ገብረ ሕይወት ይጥላሉ። ጠቡ እየከረረ ሄዶ ገብረ ሕይወት «ያ ሰው የራሱን ፈጠራ ነው የሚያስተምር» ብለው አስወሩ። የደብሩ ሰበካ ጉባኤም ነገሩን እሑድ ሊያየው ቀጠረ። እጅጉ ከተረቱ ተማሪዎቻቸው ለገብረ ሕይወት ይሰጣሉ። መምህራቸው አርፈዋል፤ የቀረው ምስክር ቴዎፍሎስ የሚባል የቀድሞ ተማሪ ይህንንና ሌሎች ዚቆችን በስልኩ ቀርጾ ያስቀመጠው ድምፅ ብቻ ነው። ቴዎፍሎስ ከባሕር ዳር ታብሌቱን ገዝቶ፣ ድምፁ የሚወርድበትን ሊንክ፣ ያችን ሰማያዊ መስመርም አብሮ ልኮላቸዋል።

መሪጌታ በየሳምንቱ ሻይ ቤቱ ይመጣሉ፣ መስመሯን ይነካሉ፣ ድምፁ ይወርዳል። መጀመሪያዋን ሰምተው ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር የጅጋው ሚኒባስ ረዳት «ሞላ! ሞላ!» እያለ ያዋክባቸዋል። ቤታቸው ደርሰው ያችኑ መስመር ሲነኩ ግን ምንም የለም። ይህን ሰምቶ ለመሳቅ የቸኮለ ካለ ይታገሥ፤ ስንት የተማረ ሰው ነው ያወረደው ደብዳቤ የት እንደገባ ጠፍቶት ላኪውን «እንደገና ላክልኝ» የሚል!

«የኔታ፣ ድምፁ እጅዎ ላይ ነው» አለች ትሕትና።

«ልጄ፣ ሽማግሌ ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም።»

«ማን ጅል አለዎት? ያቺ መስመር መንገድ ናት። ዕቃው አንዴ ቤትዎ ከገባ በኋላ እርስዎ መንገድ ላይ ወጥተው ነው የሚፈልጉት። ይግቡና እንቀመጥ፤ አሁን ያለ ዋይፋይ ያገኙታል።»

«እሺ፣ አንቺው ክፈችው።»

«አልከፍተውም። እኔ ከከፈትኩት በሚመጣው ቅዳሜ እኔን ፍለጋ ቡሬ ድረስ ይመጣሉ። ይንኩ። ‹ፋይሎች› የሚለውን። አሁን ‹የወረዱ› የሚለውን።»

መሪጌታ እያጉረመረሙ ነኩት። አንድ ዓይነት ስም፣ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር የተዘበራረቀበት፣ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ወጣ።

«ይህ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ሁሉም ያው አንዱ ድምፅ ነው። በመጡ ቁጥር እንደገና አውርደውታል።»

«እና እኔ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ የተመላለስኩት ብብቴ ሥር ያለውን ፍለጋ ነው?»

«ባይቆጡኝ፣ አዎ።»

መሪጌታ ተቆጡ። በማን እንደተቆጡ ለራሳቸውም አልታወቃቸውም። ትሕትና ግን ፋታ አልሰጠቻቸውም፤ አንዱን አስቀርተው ትርፉን እንዲያጠፉ አደረገቻቸው፤ የቀረውን «የመምህር ሃይለ ሚካኤል የጽጌ ዚቆች» ብለው በራሳቸው ጣት ስም እንዲያወጡለትና ለብቻው በከፈቱለት የፋይል ማኖሪያ አቃፊ ውስጥ እንዲያኖሩት አስገደደቻቸው።

«አሁን ደግሞ ሚሞሪ ካርድ ገዝተን ሌላ ቅጂ እናስቀምጣለን።»

«አይሆንም!» አሉ መሪጌታ። «ዜማ ደጅ ተጠንቶ፣ ተለምኖ፣ ተርቦ የሚገኝ ነው። ኸመምህሬ ደጅ ወጣትነቴን ጨርሻለሁ። ቅጂ ከበዛ ኸእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እንደ ከረሜላ ለሰው ሁሉ አላድለውም!»

«ታዲያ አባቶች ድጓን ለምን ጻፉት? ምልክቱን ከፊደሉ በላይ ለምን አኖሩት? በቃል ይበቃ አልነበረም?»

«ያ ሌላ ነው።»

«ደብራችን የተቃጠለ ጊዜ ድጓውን ከየት አገኛችሁት?»

«ኸፈረስ ቤት ደብር። ኸዚያ ቅጂ ነበረ።»

«ከፈረስ ቤት ማስቀዳታችሁ ተማሪነትን አስቀረ? ይህ ታብሌት ነገ ወንዝ ቢገባስ? ማን ጋ ሄደው ያስቀዱታል?»

መሪጌታ «እስቲ መጀመሪያ ልስማው» አሉና ታብሌቱን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

የሚያዋክብ ረዳት አልነበረም። የመምህራቸው ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ሄደ፤ የዚቁ መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ ወደቀ። ደግመው ሰሙት። ወደቀ። ገብረ ሕይወት እንደሚሉት ነበር። መሪጌታ ታብሌቱን አጥፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ትሕትና ጠቡን ከቤተሰቧ ሰምታ ነበርና ነገሩ ገባት፤ አዘነችላቸውም። «የኔታ፣ እሑድ ባያሰሙትስ? ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ!» ሻይ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያቸው። «ማጥፋቱንማ አሁን አስተማርሽኝ፤ ጣቴ ይችላል። የመምህሬን አፍ በጣቴ ልዝጋ? ተነሽ! ካርድ የሚሸጥበትን አሳዪኝ። ሁለት እገዛለሁ፤ አንዱ ለገብረ ሕይወት ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ተሰበሰበ። እዚያ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። መሪጌታ ማንንም ሳይለምኑ «ፋይሎች»ን ከፈቱ፣ አቃፊውን ገቡበት፣ ድምፁን አሰሙና «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። ተማሪዎቹ በስም ብቻ የሚያውቁትን መምህር ያን ዕለት ሰሙት። የደብሩ አስተዳዳሪም «ራሱን በአደባባይ ያረመ መምህር ተማሪ አይነጠቅም» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ክርክር ሲነሣ ሰው አይጣላም፤ ድምፁ ይከፈታል። መሪጌታ ከሳምንታዊው መንገድ ዐርፈዋል፤ ታብሌቱ ቢጠፋም ቅጂው በሌላ ደብር አለ። በስሙ የተጠራና በቦታው የተቀመጠ ነገር ይህን ያህል ይጠቅማል።

መሪጌታ ገብረ ሕይወት ግን ካርዱን ሲቀበሉ ፈገግ ብለው ነበር፤ እጅጉም አላለፏቸውም።

«አንተ አላረምከኝም፤ ያረሙኝ መምህሬ ናቸው። ካርዱን ደህና አድርገህ ያዘው። ገና ያልሰማናቸው ሌሎች ዚቆች አሉበት፤ ያንተም ተራ ይደርሳል።»