የዓርብ ጉርሻ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ቆሎ እቆረጥማለሁ፤ ከፊቴ የተቀመጡ እናት የምሳ ዕቃ እንደታቀፉ አጠገባቸው ላሉት ቄስ ይናገራሉ።

«አባ፣ ዛሬ ጾሜን አስገደፉኝ።»

«ማን?»

«የጣቢያው ፖሊስ። ለታሰረው ልጄ ምግብ ይዤ ብሄድ፣ ‹መርዝ እንዳይኖርበት ቅመሺ› አለኝ። ዓርብ ነው፣ ሰዓቴ አልደረሰም ብዬ ብነግረው፣ ‹ካልቀመስሽ አይገባም› አለ። ልጄ የሚሆን ሰው አንቺ እያለኝ።»

«ልጅዎ በምን ታሰረ?»

«አልነገሩንም። ዳኛ ፊትም አላቀረቡት።»

«ይኼንንማ ሕገ መንግሥቱም፣ አገራችን የፈረመችው የዓለም ስምምነትም ይከለክላል።»

«የጣቢያው በር ላይም ተለጥፏል። እያላመጥሁ ምን ይላል ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ሰብዓዊ መብት ይከበር ይላል› ብሎ ራሱ አነበበልኝ።»

«እትዬ፣ በግድ ነውና ኃጢአት አይሆንብዎትም። የንስሐ አባትዎ ይፈቱዎታል።»

«እኔንስ ይፍቱኝ። ልጄን ማን ይፍታልኝ?»

ቄሱ የምሳ ዕቃውን አየት አድርገው፣ «ምግቡንስ በላው?» አሉ።

«ስቀምስ ከታሰረበት ክፍል በር ቀዳዳ አይቶኝ ኖሯል። ‹እናቴን ያስገደፋችሁበትን እህል አልበላም› ብሎ መለሰው። ይኸው እንደሞላ ታቅፌዋለሁ።»

እኔ አፌ ውስጥ የነበረውን ቆሎ ሳላላምጥ ይዤው ቀረሁ።