ጋቢ የለበሰው ፍሪጅ

ወረታ ላይ ፍሪጅ እጠግናለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደንግጨ አላውቅም። የአብነት መምህሬ የኔታ ከቁሐር ሚካኤል ደውለው፣ «የባለቤቴ የስኳር መድኃኒት ያለበት ፍሪጅ አልቀዘቅዝ አለኝ፤ ድረስልኝ» አሉኝ። በባጃጅ በረርሁ። ብደርስ ፍሪጁ ከነጀርባው ጋቢ ተከናንቧል!

«ምነው የኔታ?»

«ብርዱ እንዳይወጣ ብየ ነዋ! ካለበስሁት ሳምንቱ ነው።»

«ኧረ ይሄ ብርድ አይሠራም! የውስጡን ሙቀት እየለቀመ በጀርባው ነው የሚያስወጣው። አፈኑትኮ!»

ጋቢውን ገፍፌ መድኃኒቱን ብነካው ለብ ብሏል። «ይህን እንዳይወጓቸው፤ ከጤና ጣቢያ አዲስ ያምጡ» አልሁ። የኔታ ወደ መደቡ ዞሩ። ባለቤታቸው በጠራራ ቀትር ተኝተዋል።

«ዛሬ ጠዋት የወጋኋትስ?»

እኔ የማውቀው ፍሪጅ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ እንዲያደርሳቸው የመጣሁበት ባጃጅ ሳይርቅ ብየ መፍቻየን እንደያዝሁ ሮጥሁ።