እሁድ እሁድ የሺን ስናዞራት

በእኛ ጊዜ ሽርሽር እንዲህ አልነበረም። ምን ያስቅሻል ሜሮን? በእኛ ጊዜ ስል የጃንሆይን ዘመን መሰለሽ እንዴ? የኮሮናን ጊዜ ማለቴ ነው። እኔ ያረጀሁት ያኔ ነው፣ ስለዚህ ጊዜዬ እሱ ነው። አንቺ ብራሰልስ ተቀምጠሽ ቅዳሜ ፓሪስ፣ እሁድ አምስተርዳም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አንዱ ቤተ መንግሥት በር ላይ ቆመሽ ፎቶ ትልኪልኛለሽ፤ ደስ ይላል፣ እግርሽን ያበርታው። ግን እኛም እዚህ ጆሃንስበርግ እሁድ እሁድ አገር ዞረናል። ለምን እንደዞርን ልንገርሽ፣ እዚህ ድረስ ከመጣሽ አይቀር እስቲ ስልክሽን አስቀምጪው። እየቀዳሽኝ ነው እንዴ? እንግዲያው ይቅዳ።

የሺን ታውቂያታለሽ፣ ጀፕስታውን ከኔ ሱቅ አጠገብ ብርድ ልብስ የምትሸጠውን። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ያላት አዲስ አበባ አንድ ወንድም ብቻ ነበር፣ ደምሴ የሚባል። እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። ያ ደምሴ በዚያ በሽታ ጊዜ ሞተ። ታዲያ እዚያ ያሉ የሩቅ ዘመዶቿ ለኔ ደወሉና "ጋሽ ተፈራ፣ አደራ በስልክ እንዳትሰማ፣ እናንተ ሰብሰብ ብላችሁ አርዷት" አሉኝ። ለሷ ደግሞ "ደምሴ ጠበል ገብቷል፣ እዚያ ስልክ መያዝ አይቻልም" አሏት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ? አታውቂም፤ ከየት አባትሽ ታውቂያለሽ! ገና ሳይነጋ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ወንዱም ሴቱም ሰብሰብ ብሎ ይሄድና በር ያንኳኳል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይይዛል፣ ሌላው ውሃ ያቀርባል፣ እና ወዲያው ቤቱ በሰው ይሞላል። ሰው ብቻውን አይረዳም፣ ነውር ነው። ያኔ ደግሞ መሰብሰብ ክልክል! የሺ የምትኖርበት ፎቅ በሩ ላይ ዘበኛ አለ፣ ደረቱ እንደ ቁምሳጥን የሰፋ ዙሉ፣ እና እጁን እያወናጨፈ "ኖ ቪዚተርስ ባባ! ኖ ቪዚተርስ!" ይላል። አስቸኳይ ጉዳይ ነው ስለው፣ "ኦኬ ባባ፣ ዋን ፐርሰን" አለኝ። ዋን ፐርሰን! ይሄ ምኑን መርዶ ሆነ?

ዘዴውን ያመጣው ማቲዎስ ነው። ማቲዎስ የሆሳዕና ልጅ ነው፣ አይቮሪ ፓርክ ሱቅ አለው፣ ዕቃውን ከኛ ዘንድ በኮምቢ፣ በዚያ ሚኒባሱ እየመጣ ይጭናል። "ጋሼ" አለኝ፣ "የተከለከለው ቤት ውስጥ መሰብሰብ አይደል እንዴ? ሜዳውና መናፈሻው ተከፍቷል። ሽርሽር ብለን እንውሰዳትና እዚያ እንንገራት።" ጎበዝ አልኩት። ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ዝግ ነው፣ እሁድ ሥራ የለንም። እና እኔ፣ ባለቤቴ አልማዝ፣ ማቲዎስና የሺ የኮምቢውን መስኮት ሁሉ ከፍተን፣ አፋችንን ሸፍነን ጉዞ ጀመርን።

መጀመሪያ ሃርቲስ ሄድን፣ ግድቡን ልናሳያት። ደረስን፣ ወረድን፣ ውሃው ዳር ቆምን። ታዲያ ማን ይናገር? እኔ አልማዝን አየኋት፣ አልማዝ ማቲዎስን አየችው፣ ማቲዎስ ውሃውን አየ። የሺ ደግሞ ስልኳን አወጣችና "እንዴት ያምራል! ደምሴ ከጠበል ሲወጣ ፎቶውን እልክለታለሁ" አለች። በዚህ ላይ ማን አፉን ይከፍታል? ዳቧችንን በልተን ተመለስን።

በሚቀጥለው እሁድ ፕሪቶሪያ ሄድን፣ ያ ወይን ጠጁ አበባ መንገዱን ሁሉ ሸፍኖት ነበር። ተረኛዋ አልማዝ ናት። መንገድ ላይ ስታጠና ነው የመጣችው፣ ከንፈሯ ከጭምብሉ ሥር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። እና ክንዷን ያዘቻትና "የሺዬ፣ መቼም የሰው ልጅ እንደዚህ እንደ አበባው ነው..." ብላ ስትጀምር፣ "እውነትሽን ነው አልማዝ፣ ያኛው መንገድ ደግሞ ይበልጥ ያበበ ይመስላል፣ ነይ" ብላ ጥላት ሄደች። አልማዝ እዚያው ቀረች፣ አፏን እንደከፈተች።

ከዚያ ወደ ዋሻው ሄድን፣ የጥንት ሰው አጥንት የተገኘበት። አስጎብኚው "ይህ ፍጡር የሞተው ከስንት ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው" ሲል የሺ አማተበችና "ነፍስ ይማር" አለች። ማቲዎስ ጎኔን ጎሸም አደረገኝ፣ "ጋሼ፣ አሁን! አሁን!" እኔም ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እሷ ቀደመችኝና፣ "ለመሆኑ መርዶውን የነገረለት ሰው ነበር ይሆን?" አለች። ሜሮን ሙች፣ የጠረግኩትን ጉሮሮ ይዤ ወደ መውጫው አዘገምኩ።

ምን ትስቂያለሽ? እንዲህ እያልን እሁድ በመጣ ቁጥር መዞር ሆነ። የአልማዝ ማዕድን የወጣበትን ጉድጓድ አየን፣ አንበሳ አየን፣ አንድ የሚያስጠላ ሙዚየምም አየን። ሰዉም ያወራ ጀመር። "አገር በወረርሽኝ ያልቃል፣ እነ ጋሽ ተፈራ ይዝናናሉ" ይላሉ። ካትሌሆንግ ያሉት አበሾች ሳይቀሩ "ለኛም ቦታ አለ ወይ?" ብለው ደወሉልን። መኪናው ሞልቷል አልኳቸው።

ታዲያ አንድ ቀን የሺ ራሷ ወደ ሱቄ መጣች። "ጋሽ ተፈራ፣ እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ደርባን ውሰዱኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቦታ አልጠይቃችሁም" አለችኝ። ወሰድናት። ቅዳሜ ማለዳ ተነስተን ያንን ሁሉ መንገድ ነድተን ደረስን። ጫማዋን አወለቀችና ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፣ ጭምብሏን አወለቀች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና "በሉ፣ ባሕሩም ታየ። አሁን ንገሩኝ" አለች።

"ምኑን?" አለ ማቲዎስ፣ የዋህ መስሎ።

"አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ እሁድ ነዳጅ ስታቃጥል የከረምከው ለአበባ ነው? ደምሴ የሞተው መቼ ነው?"

ነገርኳት። እኔ ነኝ የነገርኳት፣ በሁለት ቃል፣ ስንት ጊዜ ጉሮሮ የጠረግኩበት ነገር ለካ ሁለት ቃል ነው። "ወንድሜ! አባቴ!" ብላ ደረቷን ስትደቃ አልማዝ ያዘቻት። ባሕሩ ዳር ለስፖርት የሚሮጡት ሰዎች ቆም እያሉ ያዩናል። ታዲያ አንዲት ጨሌ የምትሸጥ ዙሉ ሴትዮ ምንጣፏን ትታ መጣችና "ባባ፣ ማን ነው?" አለችኝ። ወንድሟ ነው አልኳት። ርቀት ጠብቁ የለ፣ ምን የለ፣ የሺ አጠገብ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እጇን ይዛ "ቱላ ማማ፣ ቱላ" ማለት ጀመረች፣ አይዞሽ፣ ዝም በይ ማለቷ ነው። ጓደኞቿም መጡ። አንዷ ውሃ አመጣች። እና እንዲህ ለቅሶ ተቀመጥን፤ ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ፣ ሰው ግን ነበረ። እኔም አለቀስኩ። ለደምሴ ይሁን ለራሳችን እንጃ፣ ብቻ ቀለለኝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "የሺ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

"ግድቡ ጋ" አለች። "ደምሴ ስል ሦስታችሁም ዓይናችሁን ሰበራችሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽን? እኛ እኮ አለቅን!"

መስኮቱን እያየች "ሰብሰብ ብላችሁ ካልነገራችሁኝ አልሞተም ብዬ ነዋ" አለች። "ሳትነግሩኝ በተመለሳችሁ ቁጥር አንድ ሳምንት ጨመርኩለት። ተመስገን፣ ብዙ ጨመራችሁልኝ።"

ማቲዎስ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። መንዳት አቃተው።

እንግዲህ የእኛ ሽርሽር ይህ ነው ሜሮን። ፈሪዎች ነበርን፣ እሱ የታወቀ ነው። ግን ደፋር ብንሆን ኖሮ ደምሴ በመጀመሪያው እሁድ ይሞትባት ነበር።

"ጋሼ" አለችው ሜሮን ዓይኗን እየጠረገች፣ "በሚመጣው ክረምት ለምን እኔ ጋ አይመጡም? ቅዳሜና እሁድ እየወጣን በየሳምንቱ አንድ አገር አሳይዎታለሁ።"

ጋሽ ተፈራ ትክ ብሎ አያት። "ማን ሞተ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም!"

"እንግዲያው እመጣለሁ" አለ፣ ሳቁ እያመለጠው። "ባሕሩን ግን መጨረሻ አድርጊው።"