የማኅተም ቀራጩ ጣት

ማኅተም ቀራጩ ሽማግሌ ሦስተኛውን የቅባት ቱቦ ገዝተው ከመድኃኒት ቤት ሲወጡ፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ከምትሠራው የእህታቸው ልጅ ጋር ደጃፉ ላይ ተገጣጠሙ። እጃቸውን ከኋላቸው ሊደብቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«ጋሼ፣ ይህ ጣት ገና አልዳነም?»

«ይድናል ልጄ። ቁስል ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ሲሉ ከርመዋል። ቀኝ ጠቋሚ ጣታቸው ላይ የወጣችው እብጠት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች፤ ጭራሽ ወደ እጃቸው ጀርባ ሁለት ታናናሾች አስከትላለች። ጣቱ አልታጠፍ ስላለ መቅረጫው ይስታቸዋል፤ ደንበኞችም መራቅ ጀምረዋል።

እያወሩ ሱቃቸው ደረሱ። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የጎማ ቁርጥራጭ፣ በመስኮቱ ሥር ትልቅ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ። የከሰዓቱ ፀሐይ በውሃው አልፎ ጣሪያው ላይ አረንጓዴ ብርሃን ያወዛውዛል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ነቅቶ ይሁን ተኝቶ መለየት ይቸግረዋል። ልጆቻቸው ከቤት ከወጡ ወዲህ ሽማግሌው ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህን ሰዓት ነው። እንደ ልማዳቸው ፋሻውን ፈትተው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፤ ዓሣዎቹም ቀስ ብለው መጥተው በጣቶቻቸው መሐል ተንሳፈፉ።

ልጅቷ እንደቆመች ቀረች። «ጋሼ፣ ዓሣ እንዳለዎት ቅባቱን ላዘዘልዎት ሐኪም ነግረውታል?»

«የሄድኩት ጣቴን ላሳይ ነው እንጂ ስለ ቤቴ ላወራ ነው? እሱም አልጠየቀኝ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ፈርተው ነው። ሐኪም የሚባል ፍጥረት የወደዱትን ሁሉ ተው ማለት ይወዳል፤ ጨውም ትምባሆም አስትቷቸዋል።

«ደግሞ ውሃው ጥርት ያለ ነው» አሉ ኮራ ብለው። «በየሳምንቱ ገንዳውን በእጄ አጥበዋለሁ። ክፉ ነገር ቢኖርበት መጀመሪያ የሚሞቱት እነሱ አልነበሩም?»

«በዓሣ ውሃ የምትኖር፣ እንዲህ ያለ ቁስል የምታመጣ ባክቴሪያ አለች፤ ጤነኛ የሚመስል ዓሣም ሊሸከማት ይችላል፣ ጋሼ። ሰውን የምትይዘው ከስንት አንዴ ነው፤ ያውም ቆዳው ሲጫር በዚያች ቀዳዳ ገብታ። እርስዎ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በስለት የሚሠሩ ሰው ነዎት።»

«ታዲያ ላቦራቶሪያችሁ ለምን አጣት? ከቁስሉ ቆርጣችሁ ወስዳችሁ ‹ምንም አልተገኘም› ብላችሁ የለም?»

«ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ናሙናው የሚመጣልን በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ይህች ባክቴሪያ የምትወደው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው፤ እጅ ላይ የቀረችውም ለዚህ ነው። እኛ እንደ ማንኛውም ናሙና በሰውነት ሙቀት አቆየናት፤ አላደገችም። ‹ዓሣ አላቸው› የሚል አንድ ቃል ቢደርሰን ሙቀቱን ቀንሰን፣ ሳምንታት ታግሠን እንጠብቃት ነበር።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከውሃው አወጡ። «ዓሣዎቼን ጣል ልትሉኝ ነው» አሉ።

«ማን አለ? ሐኪሙ የሚያዝልዎትን መድኃኒት ለወራት ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። ገንዳውን ሲያጸዱ ረጅም የጎማ ጓንት ያጠልቃሉ፤ ውሃውን ዕቃ ከሚታጠብበት አይደፉም፤ ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠባሉ። ዝም ካሉ ግን ወደ መገጣጠሚያው ትዘልቃለች፤ ያኔ ጣቱን ሊያጡት ይችላሉ።»

ሽማግሌው ጣሪያው ላይ የሚዋኘውን ብርሃን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ያለ ጣት እንዴት ይቀረጻል? ሱቁ ቢዘጋስ ዓሣዎቹ የት ይወድቃሉ?

«በይ እንሂድ፤ ለሐኪሙ ሁሉንም እነግረዋለሁ።»

ነገሩት። አዲሱ ናሙና ቀዝቀዝ ባለ ሣጥን ተቀመጠ፤ በአራተኛው ሳምንት ባክቴሪያዋ ታየች። ከአምስት ወር መድኃኒት በኋላም ጣቱ ታጠፈ።

የመጀመሪያውን ሥራ ያመጣችላቸው ልጅቷ ናት። ከናሙና ጋር በሚላከው ቅጽ ሁሉ ላይ የሚመታ ማኅተም ነበር። «ይህ ቢኖር ኖሮ ስድስት ወር ባልተንገላቱ ነበር» አለቻቸው። «ከእንግዲህ ዓሣ ሻጩም፣ ጀልባ ጠጋኙም ሳይጠየቅ አያልፍም።»

ቀርጸው ሲጨርሱ ቀለም አስነክተው ባዶ ወረቀት ላይ ሞከሩት። «እጅዎ ምን ዓይነት ውሃ ይነካል?» የሚለው ፊደል ሳይጎድል ወጣ፤ ሥሩ ለመልስ የተተወ መስመር አለ። ሽማግሌው እስክሪብቶ አነሡና አንድ ዓመት የዘገየውን መልስ ጻፉበት፤ «የዓሣ ገንዳ።»