የጋሽ ሸጋው ባነር

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ሸጋው ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ረጅም ጥቅልል በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠው ነበር። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በማስተማር ዘመናቸው የጠዋት ሰልፉ ማይክሮፎን ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ጡረታ ሲወጡ ማይክሮፎኑ ናፍቋቸው እንደሆነ እንጃ፣ በእንጅባራ የኮምፒውተር ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ። አባላቱ እሑድ እሑድ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እየተገናኙ፣ ለገንዘብ ሳይሆን ለገዛ ደስታቸው ፕሮግራም የሚሠሩ ጥቂት ወጣቶች ናቸው።

መኪናው ሊነሣ ሲል ኑኃሚን ገባች። ዳንግላ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የማኅበሩ አባል ናት።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ሸጋው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺን ነው ያመጣልኝ! ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»

«ይኸ ጥቅልል ምንድን ነው?»

«ያንቺው ነው!» አሉና ጫፉን ፈታ አደረጉላት። በትልልቁ እንዲህ ይላል፤ «የአዊኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በስልክዎ! ለገና ይጠብቁን!»

ልጅቱ ትደሰታለች ብለው ሲጠብቁ ፊቷ ልውጥ አለ።

«ጋሽ ሸጋው፣ አልደረሰም እኮ።»

«ባለፈው እሑድ ከፍተሽ አሳይተሽን አልነበር?»

«እሱ በእኔ ስልክ ነው። በሌላ ሰው ስልክ ላይ አንዳንዱ የአዊኛ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። አንዳንዴም ቃል ስፈልግበት ራሱን ይዘጋል። ምነው ሳይጠይቁኝ?»

ጋሽ ሸጋው ቅር አላቸው። ክፋት የለባቸውም፤ የልጆቹን ሥራ ሲያዩ ደስታው ስለማያስቀምጣቸው ለሰው ካልነገሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አሉ፤ «ቀን ያልተቆረጠለት ሥራ ሲጓተት ይኖራል። ሰው ከሰማው ግን ትበረቺያለሽ።»

«ወንድማገኝ በረታ?»

ይህ ስም ጋሽ ሸጋውን አሳመማቸው። ወንድማገኝ ባለፈው ዓመት በስልክ አዊኛ የሚያስጽፍ ኪቦርድ ሲሠራ ነበር። ገና ግማሹን ሳይዘልቅ ጋሽ ሸጋው በፌስቡክ አስነገሩለት። ከግምጃ ቤት ከተማ ሳይቀር ሰው እየደወለ «መቼ ነው?» ይለው ጀመር። እየዋለ ሲያድር «መቼ ነው» ቅጽል ስሙ ሆነ። ቢቸግረው ያልደረሰውን አወጣው፤ ኪቦርዱ ያንንም ይህንንም ፊደል ሲውጥ የከተማው መሳቂያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወደ ማኅበሩ ዝር አላለም። መንገድ ላይ ጋሽ ሸጋውን ሲያይ ይሻገራል።

«ከእሱ ቀጥሎ እኔ ልሆን ነው» አለች ኑኃሚን። «እኔም ስቀር ማኅበሩ ውስጥ ማን ይቀራል?»

ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም።

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጥርባ የሚባል አገር ነበር የሚያርሱ» አሉ። «ገብሱ ሲደርስ ደቦ የሚጠሩት አጭደው ከጨረሱ በኋላ ነበር እንዴ? ቀድመው ነው የሚጠሩት! ሰው ሲሰማ ነው ሥራ የሚያልቅ።»

አዲስ ቅዳም ከተማ ሲደርሱ ኑኃሚን ድንገት ወደ እሳቸው ዘወር አለች።

«ጋሽ ሸጋው፣ ለደቦ የተጠራ ሰው ምን ይዞ ይመጣል?»

«ማጭዱን ነዋ።»

«ለሠርግ የተጠራውስ?»

«ምን ይይዛል? ሆዱን ይዞ ይመጣል እንጂ!»

«ወጡ ሳይደርስ ቢደርስ?»

«ደጋሹ ያፍራል። እንግዳውም ሌላ ጊዜ ሲጠሩት አይመጣም።»

«ታዲያ ይኸ ባነር ለየትኛው ነው የሚጠራ?»

ጋሽ ሸጋው ጫፉን እንደገና ፈቱና አነበቡት። «ለገና ይጠብቁን» ይላል። ማጭድ ይዛችሁ ኑ አይልም። ያን ጊዜ ወንድማገኝ ትዝ አላቸው፤ ለሠርግ ሰው ጠርተው ያንን ልጅ ጥሬ ገብስ አስቀርበውታል።

«ላኮራው ብዬ ነበር እኮ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሱም ያውቀዋል። ሰው አይጠራ አላልኩም፤ እንዲያውም ብቻዬን አልችለውም። ጎደሎውን ነግረን እንጥራ ነው የምልዎ።»

«ባነሩስ?»

«ጀርባው ነጭ ነው።»

እንጅባራ እንደወረዱ ጋሽ ሸጋው ወፍራም ማርከር ገዙና በዚያ በሰሌዳ ጽሑፋቸው ጀርባውን ሞሉት፤ «ያልደረሰ መዝገበ ቃላት አለን። ስልክዎንና የሚያውቁትን ቃል ይዘው ይምጡ። ደቦ ነው።» በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ።

ሰው መጣ። በየስልኩ ባዶው ሳጥን ሲወጣ ማንም አልሳቀም፤ ሊፈልጉት ነው የመጡት። ሰነድ ልታስባዛ የገባች ደጊቱ የምትባል ገበሬ የአንዱን እህል ስም አርማላቸው ሄደች። ወደ ማምሻው ወንድማገኝ በሩ ላይ ቆሞ ባነሩን ሲያነብ ታየ።

«ሳጥኑን አውቀዋለሁ» አለ ወደ ኑኃሚን እያየ። «መፍትሔው የፊደሉን ቅርጽ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መጫን ነው። እኔ ዘግይቼ ነው የደረስኩበት።»

ጋሽ ሸጋው ወንበራቸውን ለቀው ሰጡት።

መዝገበ ቃላቱ ለገና አልደረሰም፤ የደረሰው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ዘገየ ያለ ግን አልነበረም፤ የት እንደደረሰ እያንዳንዱ ያውቃልና። ጉድለቱን ያገኘው ሰው ሲቃና እያየ የራሱ ሥራ አድርጎት ነበር። ማኅበሩም ወንበር እስኪያጥረው ድረስ ሰው በዛለት። ጎደሎን ደፍሮ መናገር ሰው ያሸሻል ብለው ይፈሩ የነበሩት ጋሽ ሸጋው ሰው የሚሰበስበው እሱ መሆኑን በዓይናቸው አዩ።

በምረቃው ቀን ጋሽ ሸጋው ማይክሮፎኑን አነሡና ኑኃሚንን «አሁንስ ልንገር?» አሏት።

«አሁን ይንገሩ።»

ዙሪያውን ቢያዩ የሚነግሩት ሰው የለም፤ ሁሉም በስልኩ ጭኖታል። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ለወንድማገኝ ሰጡት። ከኋላ አንድ ቀልደኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ «መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ወንድማገኝ ሳቀ።

«ዛሬ!» አለ።