ዳርሊን የሸፈነችው ፊት

ወዳጆቼ፣ ወንበር ያገኘ ይቀመጥ። ዳርሊን ኩቢቼክ፣ አንቺም ተቀመጪ፤ ዛሬ፣ በጡረታ ሽኝትሽ እንኳ፣ ሳታቋርጪኝ ልናገር።

ይህች ሴት እዚህ ኔብራስካ ቤተ መዛግብታችን ሥራ የጀመረች ዕለት፣ ገና ስሟን ሳናውቅ ጠረጴዛ መጎተት ያዘች። "ምን ሆነሽ ነው?" ብላት፣ "የሚመጡልኝ ሰዎች ከመንገድ እንዳይታዩ ነው" አለችኝ። በዚያው የመብራቱን ገመድ ነቅላ ፎቁን በሙሉ አጨለመችው። የተቀጠረችው የግዛታችንን የቀድሞ ዘመን ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ታሪክ እንድትሰበስብ ነበር፤ እኔ ግን መብራት ልትቆርጥ የተላከች ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አሳርፋኝ አታውቅም። ቼኮች ከሰፈሩባት ከዊልበር ከተማ ሄደሽ ፎቶ አምጪ ትባላለች፤ ስንት ቀን ቆይታ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቀይ ሥር በጠርሙስ ይዛ ትመጣለች።

"ፎቶውስ?"

"ሽማግሌዎቹ ገና አላመኑኝም።"

"መቼ ነው የሚያምኑሽ?"

"ኮላቼ ይዤላቸው ተመልሼ ስሄድ።"

በዚያ ጣፋጭ ዳቦ እሷ ታሪክ ሰበሰበች፣ የተረፈውን የምንበላው እኛ ደግሞ ቦርጭ።

በሰበሰበቻቸው ፎቶዎች የከፈትነውን የኤግዚቢሽን ነገርማ አለቃችን ግሌን ይመስክር። በ1950ዎቹ በአንድ የእርሻ ቤት ሳሎን፣ መጋረጃ ዘግተው ወንዶች ከወንዶች ጋር ሲደንሱ የተነሡት ፎቶ አለን። ከመካከላቸው አንዱ፣ ቨርሊን ቴሳር፣ "እህቴ በሕይወት እያለች ፊቴን እንዳታሳዪ" ብለዋት ኖሮ፣ ፊታቸው ላይ ወረቀት ለጠፈችበት። ግሌን ጮኸ።

"ሴትዮ፣ ነገ እኮ ነው የሚከፈተው!"

"ይከፈታ።"

"ጎብኚው ምን ይለናል?"

"ለሱ አንተ መልስ ትሰጣለህ።"

መልስ ሰጪው ግን እኔ ሆኜ ቀረሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ "ያ ወረቀት ምንድን ነው?" ሲሉኝ ኖሩ።

ዘንድሮ እህትየዋ አረፉ። ቨርሊን ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ወረቀቱን በገዛ ጥፍራቸው ላጡት። የገዛ ፊታቸውን አየት እንኳ አላደረጉትም። ከጎናቸው የሚስቀውን፣ እኛ "ስሙ ያልታወቀ" ብለን የሰቀልነውን ልጅ በጣታቸው ነኩና፣ "ሬይመንድ ነው። አብረን ኖረናል። ሲሞት ቤተሰቦቹ ለቀብሩ አልጠሩኝም። ስሙን ጻፉለት" አሉ።

ዳርሊን፣ ስለዚያች ቀን አመሰግንሻለሁ። እየተናደድኩም ቢሆን ከልቤ ነው። ከዚያ ወዲህ፣ ወሬውን የሰሙ እንደ ቨርሊን ያሉ አዛውንት እየደወሉ ስልኩ አያርፍም። "ያቺ ፊት የሸፈነችው ሴትዮ አለች?" ይላሉ። "ወጣ ብላለች፣ እኔ ልርዳዎት?" ስል ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል። አንቺ ልትሄጂ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ እያለቁ ነው፤ እኔን አያምኑኝም። የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ የሚያስፈራኝም።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። ዳርሊን፣ ጤናውን ይስጥሽ፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ፣ ቲማቲምሽን በረዶ አይምታብሽ። ከመሄድሽ በፊት ግን እባክሽ ለሰዎቹ ደውዪላቸው፤ እኔም ምስጢር ይዤ ዝም ማለት እንደምችል ንገሪልኝ።