ሁሌ የሚወድቀው የኔ ሰው

ሶዶ መናኸሪያ ጀርባ ያለችው ቪዲዮ ቤት አንድ ሕግ ነበራት፤ ሬስሊንግ ሲታይ የደገፍከው ሰው ከተሸነፈ ከአግዳሚው ተነስተህ መሬት ትቀመጣለህ። እኔ ሁሌ መሬት ነበርኩ። የምደግፈው ባለ ቢጫ ቁምጣውን ነበራ! ስሙን እንኳ የሚይዝለት የለም፤ ጀግና የተባለ ሁሉ የሚያነሳውና የሚያፈርጠው እሱን ነው። ግን አወዳደቁን ማየት ነው! አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፍና፣ በሁለት ክንዱ ወለሉን ጧ አድርጎ በጀርባው ያርፋል። ከዚያ ይነሳል።

አንድ ቀን ትግሉ ጦፎ እያለ "እሱ ባይኖር የናንተ ጀግኖች ማንን ይጥሉ ነበር?" አልኩ። ዳና ተነሳ። ዳና ማለት ኩንታል እንደ ትራስ የሚወረውር፣ እስከ ቦዲቲ የሚፈራ ጫኝና አውራጅ ነው።

"ልፍስፍስ ነው በል!"

"አልልም፣ ወንድም ዓለም።"

"በል አልኩህ፣ አንተ ውሪ!"

"ልፍስፍስ አይደለማ!"

በቀበቶዬና በአንገቴ ይዞ ከራሱ በላይ አነሳኝ። የቤቱ ባለቤት "ኧረ ዳና፣ ይሰበራል!" ብሎ ጮኸ። እኔ አየር ላይ ሆኜ የታየኝ ያ ቢጫ ቁምጣ ብቻ ነው። አገጬን ደረቴ ላይ ለጠፍኩ። ጧ! አቧራው ጨሰ። ጀርባዬ ነደደ፣ ግን ተነሳሁ።

ዳና እጁን አየ፣ እኔን አየ።

"ማነው ያስተማረህ?"

በአገጬ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆምኩት። የኔ ሰው ተዘርሮ ዳኛው እየቆጠረበት ነበር። ተሸነፈ። እንደ ሕጉ መሬት ልቀመጥ ስል ዳና አግዳሚው ላይ ጠጋ አለልኝና ወደ ባለቤቱ ዞረ።

"ካሴቱን ወደኋላ መልሰው፤ የወደቀበትን ልየው።"